በመኪናዋ ቀኝ በር በኩል

ገዳሪፍ፣ ጎህ ሲቀድ

አውቶብሱ ጎህ ሲቀድ ይነሳል ተባልን። ጎህ ቀደደ፣ ፀሐይም ወጣች፣ ሹፌሩ ዑስማን ግን ገና ፉሉን እየበላ ነው። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ሳይከደን ያደርኩ ሴት ስለሆንኩ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልነበረኝም።

«አንተ ሰውዬ፣ ኻርቱም የምታደርሰን ለምሳ ነው ለፋሲካ?» አልኩት።

«ኢንሻአላህ ኻልቲ፣ ኢንሻአላህ» አለኝ፣ ዳቦውን ወጡ ውስጥ እያጠቀሰ። ሱዳን ውስጥ ሴት ልጅ ትንሽ ሸበት ካለች «ኻልቲ» ናት፣ የሁሉም አክስት። ለምጄዋለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ብዙነሽ እባላለሁ። ኻርቱም ዴም ሰፈር በርበሬና ቅመም እየሸጥኩ ሠላሳ ዓመት ግድም ኖሬአለሁ። ጦርነቱ ሲነሳ ልጄን ሳባን ይዤ ወደ ገዳሪፍ ሸሸሁ። ባለቤቴ ክፍሌ «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ ቤቱን ዘጋግቼ በሳምንቱ እደርሳለሁ» ብሎ ቀረ። ሳምንቱ ወር ሆነ። ስደውል «መንገድ ተዘግቷል» ይለኛል። ደግሜ ስደውል «ነገ ይከፈታል» ይለኛል። የስኳር ሕመምተኛ ነበር፤ መድኃኒቱ አለቀና እዚያው ሞተ። ወደ መቃብር ቦታ የሚወስድ መንገድ ስላልነበረ፣ ጀብራ በሚባለው የኻርቱም ሰፈር በዘበኝነት በሚጠብቀው ግቢ ጎረቤቶቹ ቀበሩት።

አሁን ኻርቱም ትንሽ ተንፈስ ብላለች። በየግቢውና በየሜዳው የተቀበሩትን እያነሱ ወደ መደበኛ መቃብር የሚወስዱ በጎ ፈቃደኞች ጀብራ ገብተዋል። ስም ያለው በስሙ ይሄዳል፤ ስም የሌለው «ያልታወቀ» ተብሎ ከብዙ ያልታወቁ ጋር ይተኛል። ይህን የነገረኝ ሐጅ ኢድሪስ ነው፣ ከክፍሌ ጋር ያንኑ ግቢ ይጠብቅ የነበረ ሽማግሌ። ክፍሌን በእጁ ያስተኛውም እሱ ነው። እሱ ዛሬ ሸንዲ ከተማ ልጁ ቤት ነው፤ እግሩ አልታዘዝ ብሎት መምጣት አይችልም።

«ኡም ሳባ፣ ድረሺ» አለኝ በስልክ፣ የሳባ እናት ማለቱ ነው። «ከመጣፊዋ አጠገብ ነው። እሱ በሚቀመጥበት በር በኩል። ብረት ለቃሚዎቹም እየቆራረጡ ነው አሉ፣ መኪናዋ ከሄደች ምልክት የለሽም።»

መጣፊ ማለት የእሳት አደጋ መኪና ነው። እንግዲህ ባሌን የማገኘው መኪና ለይቼ ነው ማለት ነው። አይ ክፍሌ! በሕይወቱም ከመኪና አልተለየ።

መደኒ፣ ረፋዱ ላይ

መንገዱ እንዳለ አለ፣ ሰዉ ግን ሌላ ነው። በየተፍቲሹ፣ ማለትም በየፍተሻው፣ እንወርዳለን፣ እንፈተሻለን፣ እንሳፈራለን። አንዱ ወታደር ወረቀቴን ገልብጦ ገልብጦ «ሁሉም ሰው ኢትዮጵያ ሲገባ አንቺ ኻርቱም ምን ልትሠሪ ነው?» አለኝ።

«ባሌን ልወስድ» አልኩት።

«የት ነው ያለው?»

«ጀብራ። ተቀብሮ።»

ወረቀቴን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

መደኒ ድልድዩ አጠገብ ለሻይ ወረድን። ኦቾሎኒ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሐብሐብ፣ ከፀሐይ የሚከላከል ጃንጥላ ሥር የተኮለኮሉ የሻይ ሴቶች። የሻዩ ዋጋ ከፍ ብሏል፣ ስኳሩ ደግሞ ዝቅ ብሏል። ነጋዴ ነኝና ይገባኛል፤ ዝም ብዬ ጠጣሁ። በመንገዱ ዳርና ዳር የተቃጠሉ መኪኖች ተጋድመዋል። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ዓይናቸውን በሻሻቸው ይሸፍናሉ። እኔ ግን እያንዳንዱን አያለሁ፣ ዓይኔ ይለየዋል፤ ይሄ የጭነት ነው፣ ይሄ ቦቴ ነው፣ ይሄ የወታደር ነው። ክፍሌ ያበላሸው ዓይን ነው።

እንዴት መሰላችሁ? ክፍሌ በወጣትነቱ አገር ቤት በአንድ የአየር ኃይል ሰፈር የእሳት አደጋ መኪና ሹፌር ነበር። አውሮፕላን ሊነሳ ሲል የእሱ መኪና አፍንጫዋን ወደ ማኮብኮቢያው አዙራ፣ ሞተሯ በርቶ ትጠብቃለች። እሳት ባይነሳም ትጠብቃለች። መንግሥት ሲለወጥ ሱዳን ገባ። ከዚያ በኋላ ሃፍላ የሚሉትን የሕዝብ አውቶብስ ነዳ፣ ሲሚንቶ ተሸከመ፣ ጎማ ለጠፈ። አንድ ቀን ጀብራ ውስጥ ዘበኛ የሚፈልግ ግቢ አለ ተብሎ ሄደና ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። ደሞዙ ደህና መስሎኝ ደስ አለኝ።

«ብዙዬ፣ ግቢው ውስጥ ማን እንዳለች አታምኚም» አለኝ።

እኔማ ሴት መስላኝ ማማሰያዬን አነሳሁ።

አሮጌ የእሳት አደጋ መኪና ነበረች። የግቢው ባለቤት ከአንድ የድሮ የወታደር አየር ማረፊያ አራት ያገለገሉ መኪኖች በጨረታ ገዝቶ፣ ሳይሸጣቸው ሞቶ፣ ልጆቹም ረስተዋቸው ነበር። የእሳት አደጋዋ፣ የአውሮፕላን ነዳጅ ቦቴ፣ የውሃ ቦቴ፣ እና አውሮፕላን የሚጎትት አጭር ወፍራም ትራክተር። በየዓርቡ፣ ሥራ ሲዘጋ፣ ምሳ ይዤለት እሄዳለሁ። ምሳውን ከመብላቱ በፊት ያስተምረኛል።

«የኛዋ አሜሪካዊት ነበረች፣ ይቺ እንግሊዛዊት ናት» ይለኛል። «ሱዳን በግራ ይነዳ በነበረበት ዘመን ስለመጣች መሪዋ በቀኝ ነው። እያት፣ ጣሪያዋ ላይ አረፋ መርጫዋ፣ እንደ መድፍ ትዞራለች። የሚረጨው ሰው ከጋቢናው በዚህ በክቡ ቀዳዳ ብቅ ይላል። የነዳጅ ቦቴዋን ደግሞ በማርሚታዋ ትለዪያታለሽ። ጭስ ማውጫዋ ከፊት ነው፣ ብልጭታ ወደ ነዳጁ እንዳይሄድ። በጀርባዋ ክዳኗ ብዙ ነው።»

«ለኔ ይሄ ምን ያደርግልኛል? በርበሬ ልቀነጥስበት ነው?» እለዋለሁ።

ይስቃል። እንደዚያ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። አሁን ያንን ሳቅ ለአንዲት ደቂቃ ብሰማ ምን አለ!

ሶባ፣ ከሰዓት በኋላ

ወደ ኻርቱም ስንቃረብ አውቶብሱ ውስጥ ያለው ወሬ ሁሉ ጠፋ። ዑስማን ራሱ ካሴቱን ዘጋ። ሁሉም ሰው በመስኮት የራሱን ቤት የሚፈልግ ይመስላል። ፎቆቹ ቆመዋል፣ መስኮት የላቸውም። የመብራት ምሰሶዎች ቆመዋል፣ ሽቦ የላቸውም። እንጀራ እየቆረስኩ ሳባን ያሳደግኩባት ከተማ እንዲህ ሆና አየኋት። እንዲህ ዓይነት ቦታ ይናፈቃል? ይናፈቃል። እንባዬ እየወረደ ናፈቀኝ።

ሲመሽ ዴም ገባሁ። የተከራየናት ክፍል በሯም የለ፣ የበሯ ክፈፍም የለ። የበርበሬ መውቀጫዬን ሳይቀር ወስደዋል፤ ያን የሚያህል ድንጋይ ምን ብሎ እንደተሸከመው እንጃለት። አንዲት ከማዮ ሰፈር የተመለሰች የጥንት ደንበኛዬ አስጠጋችኝ። ፉል በሰሊጥ ዘይት ሰጠችኝ፣ በላሁ፣ ተኛሁ።

ጀብራ፣ ጠዋት

በሪክሻ፣ በኛ አጠራር በባጃጅ፣ ሄድኩ። ነጂው ጉድጓድ ለመሸሽ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ሲል እኔ ከላይ ከብረቱ ጋር እየተጋጨሁ ደረስኩ። በጎ ፈቃደኞቹ ጓንትና ጭምብል አድርገው በሩ ላይ አገኘኋቸው። አለቃቸው ሃሺም ይባላል፣ ከጦርነቱ በፊት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረ፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። የዚህ ሰፈር ልጅ አይደለም፣ ከወንዙ ማዶ ከባሕሪ ነው የመጣው።

«ኻልቲ፣ ከመጣፊዋ አጠገብ ብለሽኝ ነበር። ግን የቷ ናት?» አለና ወደ ግቢው አመለከተኝ።

በዓይኔ የነበረው ቀይ መኪና፣ አረንጓዴ ቦቴ፣ ቢጫ ትራክተር ነበር። ያየሁት ግን የተቃጠለ ብረት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ዝገት። ጎማ የለ፣ መስታወት የለ፣ ቀለም የለ። ትራክተሩን ብረት ለቃሚዎቹ ቆራርጠው ጨርሰዋል፣ በሩ ላይ ጋሪ አቁመው የቀሩትን ይጠብቃሉ። በየብረቱ ጥግ ደግሞ የአፈር ጉብታ አለ። ክፍሌ ብቻውን አይደለም የተኛው።

«በል ቆይ፣ እኔ ለይቼ አሳይሃለሁ» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። ዓርብ ዓርብ ስማር የኖርኩ ሴት አይደለሁ?

የአረፋ መርጫዋ ነሐስ ስለሆነች ቀድማ እንደምትሰረቅ አውቄያለሁ። ግን ቀዳዳ አይሰረቅም! በድንጋይ ላይ ቆሜ መሀል የቆመችውን ሳያት ጋቢናዋ ጣሪያ ላይ ቀዳዳ አለ። ሰማይ ይታያል በሱ። «ይቺ ናት!» ብዬ ጮህኩ። ዞሬ ወደ ቀኝ በሯ ሄድኩ። አንድ ጉብታ አለ። እላዩ ላይ ወደቅኩ።

ያለቀስኩትን አልቅሶ የሚያውቅ ያውቀዋል። «በሳምንቱ እደርሳለሁ ብለኸኝ! ውሸታም! ሳባ ሁልጊዜ በር ስትከፍት አንተ ትመስላታለህ፣ ታውቃለህ?» እያልኩ አፈሩን በእጄ መታሁት። ሃሺምና ሰዎቹ ራቅ ብለው ቆሙልኝ። አንዱ ውሃ አመጣልኝ።

ውሃውን ልቀበል ቀና ስል ዓይኔ የመኪናዋ አፍንጫ ሥር ገባ። ማርሚታ። ከፊት በኩል ብቅ ያለ፣ የዛገ፣ ማርሚታ።

ተነሳሁ። ጀርባዋን አየሁ፣ ክዳኗ ብዙ ነው። ተመልሼ የጣሪያዋን ቀዳዳ አየሁ። ዳሩ ተቦጫጭቆ ወደ ውስጥ ታጥፏል። የሰው መውጫ ሳይሆን የከባድ መሣሪያ ጥይት የበሳው ነው። ቀዳዳ አይሰረቅም ብዬ ነበር፤ ጦርነት እንደሚጨምር አላሰብኩም።

«ሃሺም፣ ልጄ፣ ተሳስቻለሁ» አልኩት። «ይቺ የነዳጅ ቦቴዋ ናት።»

«መዓሊሽ ኻልቲ፣ ምንም አይደል» አለኝ። «ታዲያ ይሄኛው ማን ይሆን?»

አላውቅም። የማን ባል፣ የማን ወንድም እንደሆነ አላውቅም። ያን ሁሉ እንባ ያፈሰስኩት ለማላውቀው ሰው ነው። መጀመሪያ አፈርኩ፤ በኋላ ግን ይሁን አልኩ። እሱም አልቃሽ አላገኘም ነበር። አፈሩን ዳበስ አድርጌ «ነፍስህን ይማር» ብዬው ሄድኩ።

የሌላኛዋ ቦቴ ጣሪያ ድፍን ነው። የቀረችው በግቢው ጥግ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር፣ የፈረሰ ግንብ ግማሽ ጎኗን የቀበራት ናት። ጋቢናዋ ላይ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ! ሃሺም ከታች «ኻልቲ ቀስ፣ ወላሂ ትወድቂያለሽ» ይላል። በእጄ ስዳብስ ክብ፣ ልሙጥ፣ በማጠፊያ የተሠራ አፍ አገኘሁ። ማጠፊያው ላይ ክፍሌ የቀባው ግራሶ በእሳት ደርቆ እንደ ሬንጅ ተጣብቋል። በየዓርቡ ይቀባው ነበር። ሸሚዝህን አበላሸህ እያልኩ እቆጣው ነበር።

ወርጄ ወደ ቀኝ በሯ ዞርኩ። ሁለት ጉብታዎች ናቸው፣ ጎን ለጎን። አንደኛው እንደ ሌሎቹ ሁሉ ገደድ ብሎ፣ ሟቹ ፊቱ ወደ መካ እንዲዞር ሆኖ ተቆፍሯል። ሁለተኛው ግን ቀጥ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተዘርግቷል፣ እግሩ ወደ ፀሐይ መውጫ። እኛ የምንቀበረው እንዲህ ነው። በዚያ ሁሉ ተኩስ መሀል ሐጅ ኢድሪስ፣ ሙስሊሙ ሽማግሌ፣ የክፍሌን አተኛኘት አልተሳሳተም።

ሲቆፍሩ ራቅ በዪ አሉኝ፣ እምቢ አልኩ። የመኪናዋ ሸራ ወጣ፤ ክፍሌን በሱ ነበር የጠቀለሉት። ሃሺም ጫፉን ገለጥ አድርጎ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንገቱ ላይ ጥቁር ክር አለ ኻልቲ።»

ማዕተቡ ነው። በዚህ ጊዜ አልጮህኩም። ጮክ ብዬ ያለቀስኩት ለሌላው ሰው ነበር፤ ለእሱ የቀረኝ ጸጥታ ብቻ ሆነ።

የክርስቲያኖች መቃብር፣ ከቀትር በኋላ

ኻርቱም ውስጥ ቄስ አላገኘሁም። ገዳሪፍ ያሉት የንስሐ አባቴ ፍትሐቱን በስልክ እንዲያደርሱ ተስማምተን ነበር። ሃሺም ኔትወርክ እንዲይዝ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ቆመ። አባታችን ዜማውን ጀመሩ፣ ድምፃቸው ከአቧራው ጋር እየተቆራረጠ መጣ። እዚያ ካለነው ውስጥ ክርስቲያን እኔ ብቻ ነኝ፣ ቆፋሪዎቹ ግን እጃቸውን አጣምረው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። የክርስትና ስሙ ላይ ሲደርሱ መስመሩ ተቋረጠ። ቢጠበቅ ቢጠበቅ አልመጣም። እኔው ድምፄን ከፍ አድርጌ «ወልደ ሚካኤል» አልኩ። ሃሺም በአረብኛ ፊደል ሰሌዳው ላይ ጻፈው፣ ከሥሩ እኔ በአማርኛ ክፍሌ ብዬ ከነአባቱ ስም ጻፍኩ። ያልታወቀ አልተባለም።

ወደ ገዳሪፍ መመለሻ፣ በማግሥቱ ማለዳ

አውቶብሱ እስኪሞላ የሳተላይት ኢንተርኔት የሚያከራይ ሱቅ ገብቼ ለሐጅ ኢድሪስ ደወልኩ። ሳገኘው አመሰገንኩት፣ እግሩን ጠየቅኩት፣ አልቅሶ አስለቀሰኝ። ከዚያ በሆዴ የከረመውን አወጣሁ።

«ሐጅ፣ እውነቱን ንገረኝ። መንገዱ ያኔ ተዘግቶ ነበር?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሐጅ? ሐጅ?» አልኩ።

«አለሁ። አልተዘጋም ነበር ኡም ሳባ። ሰው ይወጣ ነበር። እኔም እንሂድ ብዬዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ይዞት ነው?»

«ሰፈሩ ውሃ አጥቶ ነበር። ቧንቧው በሌሊት ትንሽ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ለቀናት ይጠፋል። ክፍሌ የመጣፊዋን ሆድ ዕቃ፣ የውሃ ታንከሯን፣ በየዓመቱ ሲበይድ አልነበር? አያፈስም። ሌሊት በውሃ ጎማ ይሞላታል፣ ቀን ሰፈሩ በጄሪካን ይቀዳል። መዳረሻ የሌላቸው አሮጊቶች፣ ልጆች ያሏቸው እናቶች፣ ሁሉም ከእሷ ጠጡ። በየማታው ‹ነገ እሄዳለሁ› ይለኛል። ጠዋት ሰልፉን ያያል፣ ጎማውን ያነሳል። ሲደክመው መሪው ላይ ይቀመጣል፣ መሪውን ይዞ እንደሚነዳ ሰው። ደስ ብሎት ነበር፣ አልዋሽሽም። የተቃጠለችው እሱ ከሞተ በኋላ ነው፣ አላየም።»

ወይ ክፍሌ! እንደ ሞኝ በአንዲት አሮጌ መኪና ቀናሁ። ከእኔ ጋር የማይመጣበትን ምክንያት ስፈልግ ኖሬ፣ ሳገኘው የምሰድበው አጣሁ።

«እሺ፣ ለምን አልነገረኝም? ‹መንገድ ተዘግቷል› እያለ ለምን ዋሸኝ?»

ሹፌሩ ዑስማን «ያላ ኻልቲ፣ ሞልቷል!» እያለ በሩን ይደበድባል። በእጄ ጠብቅ አልኩት።

«እኔም ጠይቄው ነበር» አለ ሐጅ። «‹ዝም በል ኢድሪስ፣ ከነገርኳት ትመጣለች፤ ሳባን ለሰው ሰጥታ፣ ጄሪካን በራሷ ተሸክማ ትመጣለች› አለኝ። ትመጪ ነበር እንዴ ኡም ሳባ?»

«እመጣ ነበር» አልኩት። «በእግሬም ቢሆን እመጣ ነበር።»